የዋጠው ያውቀዋል

የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞች ይጨፍራሉ ቢባል ማን ያምናል? ያውም ሳንባቸው የተበላ፣ ዘመድ ተስፋ የቆረጠባቸው፣ ከአልጋ ወርዶ መራመድ ያቃታቸው ሰዎች። ነገር ግን ሆኗል። በ1952 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ከተማ፣ ስታተን አይላንድ ላይ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የሚባል አዲስ የነቀርሳ መድኃኒት ይሞከር ነበር። መድኃኒቱ ሳንባቸው ላይ ያመጣውን ለውጥ ሐኪሞቹ እየተከታተሉ ነው። ያልጠበቁት ግን ሌላ ነገር መጣ። ሕመምተኞቹ ምግብ አማራቸው፤ ሳቅ ጨዋታ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ሲጨፍሩ ፎቶግራፍ ተነሡ።

ይህ ደስታ መጀመሪያ ላይ የተቆጠረው እንደ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጠባይ ነው። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ ደስታ ከማቅለሽለሽና ከራስ ማዞር ተርታ ሲመዘገብ! ቆይቶ፣ በ1957፣ ናታን ክላይን የሚባል የአእምሮ ሐኪም እዚያው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር መድኃኒቱን ድብርት ለጠናባቸው ሰዎች ሰጥቶ ውጤቱን አስታወቀ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የሚውጡት የድብርት መድኃኒት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ አልፈለሰፈውም። ሕመምተኞቹ ናቸው የነገሩን። ያውም በአፋቸው ሳይሆን በእግራቸው።

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት የሰባ ዓመት ግድም ታሪክ አለው። ከዳር እስከ ዳር ስታነቡት አንድ ነገር ይደጋገማል። የመድኃኒቱ ጥቅምም ሆነ ጉዳት ብዙ ጊዜ የታወቀው የዋጠው ሰው ተናግሮ ሰሚ ሲያገኝ ነው። ሰውየው ዝም ባለበት ወይም ዝም በተባለበት ጊዜ ሁሉ ጉዳቱ እየተጠራቀመ ሄዷል። እኛ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ዝምታን የተካንን ሕዝብ ነን።

ወደ ስዊዘርላንድ እንሻገር። ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ሙንስተርሊንገን በምትባል መንደር የአእምሮ ሆስፒታል አለ። እዚያ ይሠራ የነበረው ሮላንድ ኩን ጋይጊ ከተባለው የመድኃኒት ኩባንያ አንድ ውህድ ተላከለት። ውህዱ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም፤ በቁጥር ነው የሚጠራው። ስኪዞፍሬኒያን ያክም ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። አላከመም፤ ጭራሽ ያባሰባቸውም ነበሩ። ኩን ግን አልጣለውም። በ1956 ድብርት ለያዛቸው ሰዎች ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊታቸው ሲፈታ፣ ሲናገሩ፣ ሥራ ሲጠይቁ አየ። ሰውየው ድብርትን በነጥብ የሚለካበት መጠይቅ አልተጠቀመም። ሕመምተኞቹን ያነጋግራል፤ ነርሶቹን ምን አያችሁ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። በመስከረም 1957 ዙሪክ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የአእምሮ ሕክምና ጉባኤ ላይ ያየውን ሲናገር አዳራሹ ውስጥ የነበረው አድማጭ አሥራ ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ኢሚፕራሚን እንዲህ ተወለደ። ከእሱ ቤተሰብ የሚመደበው አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ አገር ቤት ስንመለስ እናገኘዋለን።

ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። የስዊዘርላንድ የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ሆስፒታል መዛግብት አገላብጠው በ2019 ባሳተሙት ጥናት ኩን ለአሠርት ዓመታት ገና ያልተፈቀዱ በርካታ ውህዶችን በሕመምተኞች ላይ ሲሞክር እንደኖረ፣ ብዙዎቹም የሚሰጣቸው ነገር ምን እንደሆነ እንዳልተነገራቸው ገልጸዋል። ያው አንዱ ሰው ጥሩ አድማጭም ነበር፣ ሳያስፈቅድ የሚሰጥም ነበር። ምን ተሰማችሁ ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ።

የፎርማጆው ነገርም አለላችሁ። በ1963 እንግሊዝ አገር ባሪ ብላክዌል የሚባል ወጣት ሐኪም ከኢፕሮኒያዚድ ወገን የሆነ የድብርት ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ድንገት የደም ግፊታቸው አሻቅቦ ራሳቸውን ለሁለት የሚከፍል ሕመም እንደሚይዛቸው ጽፎ አወጣ። ምክንያቱ አልታወቀም። ኖቲንግሃም የሚኖር አንድ የሆስፒታል ፋርማሲስት ጽሑፉን አንብቦ ደብዳቤ ላከ። «ሚስቴ ይህን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ የሆነችው ፎርማጆ በልታ ነው፤ ግንኙነት ይኖረው ይሆን?» የሚል መልእክት ነበረው። ብላክዌልና ባልደረቦቹ ሳቁ። ፎርማጆ ሰው ይገድላል እንዴ? በኋላ ሲመረመር ሴትየዋ ልክ ነበረች። ያረጀ ፎርማጆ ውስጥ ያለ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ ግፊትን ሰማይ ያደርሳል፤ የሞቱበትም አሉ። ዛሬ እነዚህን ክኒኖች የሚያዝ ሐኪም ሁሉ ስለ ምግብ ያስጠነቅቃል። ይህ ዕውቀት የተገኘው ከአንድ ትዳር ማዕድ ላይ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ድብርት ነው። የጭንቀት መድኃኒት መንገዱ ለየት ይላል፤ እሱ በለሆሳስ አልመጣም፣ በሰልፍ ነው የመጣው። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ሚልታውን የሚባል ክኒን ወጣ። ስሙን ያገኘው ኒው ጀርሲ ውስጥ ካለች አንዲት መንደር ነው። ዘመኑ የአቶሚክ ቦምብ ሥጋት ያየለበት፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣበት ነበር። ፋርማሲዎች መስኮታቸው ላይ «ሚልታውን አልቋል»፣ «ነገ ይገባል» የሚል ወረቀት ይለጥፉ ጀመር፤ ልክ የእኛ ሸማቾች ሱቅ ስለ ስኳርና ዘይት እንደሚለጥፈው። ከዚያ ሊዮ ስተርንባክ መጣ። ከናዚዎች ሸሽቶ በ1941 አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ኬሚስት ነው። ቤተ ሙከራው ሲጸዳ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ የተገኘ አንድ ውህዱ ሲሞከር ሊብሪየም ሆነ፤ በ1960 ለገበያ ቀረበ። በ1963 ወንድሙ ተከተለ። ቫሊየም።

ቫሊየምን ማን አያውቀውም! ዲያዜፓም ማለት እሱ ነው። በ1978 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 2.3 ቢሊዮን ያህል ክኒን ተሸጠ። ይበልጡን ይታዘዝ የነበረው ለሴቶች ነው። ባል ሥራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትቀረው ሴት «ጨነቀኝ» ስትል መልሱ የመድኃኒት ማዘዣ ነበር። «ምን አስጨነቀሽ?» የሚላት ግን ብዙም አልነበረም።

ዝምታው የተሰበረው በሁለት ሴቶች አንደበት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በ1978 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ የመጠጥና የታዘዘላቸው መድኃኒት ጥገኛ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። የፕሬዚዳንት ሚስት! በተከታዩ ዓመት ባርባራ ጎርደን የምትባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ የራሷን ታሪክ መጽሐፍ አድርጋ አወጣች። ለጭንቀቷ ለዓመታት ቫሊየም ስትወስድ ኖራ፣ አንድ ቀን በሐኪም ምክር ክኒኑን በአንድ ጊዜ ታቆማለች። ያን ጊዜ የደረሰባትን መዓት ነው የምትተርከው። ሆስፒታል ገባች፣ ሥራዋን አጣች፣ ማንነቷ ጠፋባት። በዚያው በ1979 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ጉዳዩን በሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ መሪነት ሰማ፤ ከመጡት ምስክሮች መካከል ክኒኑን የዋጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ማንኛውም ጠንቃቃ ሐኪም ዲያዜፓምን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያዘው፣ ከቆየ ደግሞ ቀስ እያደረገ የሚቀንሰው እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ስለከፈቱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፕሮዛክ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፍሉኦክሰቲን ነው። ኢላይ ሊሊ በተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ በ1972 የተሠራው ይህ መድኃኒት የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘው በ1987 መጨረሻ ነው። በ1990 ክኒኑ የኒውስዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ እንደ ፊልም ተዋናይ ወጣ። ጉልበቱ ከቀደሙት በልጦ አይደለም። ገላ ላይ ቀለል ስለሚል፣ ሰው አብዝቶ ቢውጠውም እንደ ቀደሙት በቀላሉ ስለማይገድል ነው። በዚህ ዘመን ሕመምተኛው ራሱ ብዕር አነሣ። ኤሊዛቤት ወርትዝል በ1994 «የፕሮዛክ አገር» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ ስታወጣ ገና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። መድኃኒቱ እንደረዳት ጻፈች፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ከረሜላ ለሁሉም መታደሉ እንደሚያስፈራት ጻፈች። ሁለቱንም በአንድ አፍ። እውነተኛ ምስክር እንዲህ ነው፤ የሻጭም የከሳሽም ጠበቃ አይሆንም።

አንድሩ ሰለሞን ደግሞ አለ። በ2001 ያወጣው መጽሐፍ ርዕስ «የቀትር ጋኔን» ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። ጥንት በረሓ የገቡ መነኮሳት በቀትር መጥቶ ልባቸውን የሚያዝለውን፣ ጸሎት የሚያስጠላቸውን መንፈስ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ሰለሞን ከአልጋ ተነሥቶ መታጠብ እንዳቃተው፣ ጎልማሳ ሆኖ ሳለ አባቱ ሥጋ ቆራርጠው እንዳበሉት፣ የትኛው ክኒን እንዳነሣው፣ ሲያቆም እንዴት እንደወደቀ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሴኔጋል ድረስም ሄዷል። እዚያ ንዴፕ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ለታመመው ሰው መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ከበሮ ይመታለታል፣ ይጨፍርለታል። ሰለሞን ራሱ ሥርዓቱ ተደርጎለታል። በጣም የነካው ነገር ሕመምተኛው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ክኒኑን አልተወም፤ ከበሮውንም አልናቀም።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2004 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጠራው ስብሰባ ላይ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ቆመው ተናገሩ። የሙከራዎቹ መረጃ እንደገና ተመረመረ፤ በዚያው ዓመት የድብርት መድኃኒቶች በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ ይችላሉ የሚል በጥቁር ሣጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲታተም ታዘዘ። በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ላሉት ተራዘመ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ክኒኑን ያቆሙ ሰዎች «ራሴን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ሲሉ ለዓመታት «ቀላል ነው፣ በሁለት ሳምንት ያልፋል» ይባሉ ነበር። የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2019 አቋሙን ለውጦ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ችግሩ ብርቱና ረጅም ሊሆን እንደሚችል አመነ። የመድኃኒቱ መጠን በደረጃ ይቀነስ የሚለው መመሪያ ከዚያ ወዲህ ጠንክሯል።

ታዲያ ክኒኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም? በ2018 ላንሴት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት 522 ሙከራዎችንና 116,477 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ አይቷል። የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች በሙሉ ከባዶ ክኒን በልጠው ተገኙ፤ ብልጫው ግን በአማካይ መጠነኛ ነበር። ከሁሉም የላቀ ውጤት ያሳየው የትኛው ይመስላችኋል? አሮጌው አሚትሪፕቲሊን! የሚያመጣው የጎንዮሽ ጉዳት ግን ብዙ ሰዎችን ያስቆማል። በ2022 ደግሞ ሌላ የጥናቶች ግምገማ «ድብርት ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው» ለሚለው የተለመደ ማብራሪያ አስተማማኝ ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጸ። ክኒኑ ብዙዎችን ይረዳል፤ እንዴት እንደሚረዳ ግን በቅጡ አይታወቅም። ይህ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዳማ ከሴ እንዴት እንደሚያሽር ሳንጠይቅ ስንጠጣ ነው የኖርነው።

አሁን ወደ ቤታችን።

እኛ ዘንድ «እብድ» የሚባለው የሚጮኸው፣ ልብሱን የሚጥለው፣ ድንጋይ የሚወረውረው ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍም ይህንኑ ይላል። ኅብረተሰቡ የአእምሮ ሕመምን የሚለየው በብዙ መለፍለፍ፣ በጠበኛነትና ባልተለመደ አድራጎት ነው። ለዚህም ሕመም ይበልጥ የሚመረጠው ባህላዊው መድኃኒት ነበር። በዚህ መስፈርት ዝም ብላ የምትቆዝመው ሴት አልታመመችም፤ እንዲያውም «ጨዋ ናት» ትባላለች። ቃሉም አይረዳንም። «ደበረኝ» የምንለው ስብሰባ ሲረዝም፣ ኳስ ጨዋታ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ የምር የደበረው ሰው ሕመሙን ሌላ ስም ያወጣለታል። ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ነው። ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይዞራል። የደም፣ የሽንት፣ የራጅ ውጤት «ምንም የለብህም»። ምንም የሌለበት ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይታከማል?

ከሕክምናው በኩል ደግሞ ስሙ ብቻውን ያስበረግጋል። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ አንጋፋ የሕክምና ቦታ ነው። እኛ ግን ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል መግባት ያለበት ሰው ነው» እንባባላለን። አገሪቱ የራሷን የአእምሮ ሐኪሞች በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረችው በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆኖ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሸክሙን ይሸከሙ የነበሩት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠለጠኑት የአእምሮ ነርሶች ናቸው። ዛሬ ሐኪሙ በዝቷል፣ ሕክምናውም ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሰቲንና ዲያዜፓም በአገራችን መሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አሉ።

ክኒኑ አለ ማለት ነው። የሌለው ወሬው ነው።

አንዲት ወዳጄ አሚትሪፕቲሊን ታዞላት ከባሏ ደብቃ በበርበሬ ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ስትጠየቅ «የጨጓራ ነው» ትላለች። በመጀመሪያው ሳምንት አፏ ደረቀ፣ ሆዷ ደረቀ፣ ጠዋት ጠዋት መነሣት አቃታት፤ ጭንቀቷ ግን እንዳለ ነው። «ይኸው፣ ጭራሽ አባሰኝ» ብላ በዘጠነኛው ቀን ተወችው። መድኃኒቱ ጥቅሙ የሚታወቀው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ እንደሆነ፣ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደሚመጣ ያስረዳት አልነበረም። ሐኪሙ ተናግሮ ይሆናል፤ ግን እየተሸበረ የተቀመጠ ሰው ምን ይሰማል? ጎረቤቷ ብትሆን ኖሮ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር፣ ታገሺው፣ ማታ ማታ ውሰጂው፣ ውኃ አብዢ» ትላት ነበር። እንዲያ የምትል ጎረቤት አልነበረችም። ወይም ነበረች፤ እሷም ጣሳዋን ደብቃ።

በኋላ እንደገና ጀምራ ተሽሏታል። ሌላው ሰው ግን ላይሻለው ይችላል፤ ያንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ክኒን ሳያስፈልገው የሚያዳምጠው ባለሙያ በቂው ነው። አንዱ ደግሞ ለሳምንት የታዘዘለትን ዲያዜፓም «እንቅልፍ ይሰጠኛል» እያለ ከየፋርማሲው እየለመነ ዓመት ያስቆጥራል፤ ባርባራ ጎርደን የወደቀችበትን ገደል ማንም አላሳየውም። ሌላዋ ጠበል ልትገባ ስትል «መድኃኒቱን ጣዪ፣ ሁለት ጌታ አይመለክም» ትባልና በአንድ ጊዜ ታቆማለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል አገሬው። ልክ ነው። መድኃኒቱን የደበቀስ? እሱ ደግሞ መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ ሊያመልጠው ይችላል።

አንችለውም እንዳንል አንድ ጊዜ ችለነዋል። ኤች አይ ቪ ሲመጣ በስሙ እንኳ አንጠራውም ነበር። በኋላ ጥቂት ደፋሮች ፊታቸውን በቴሌቪዥን አሳዩ፣ ማኅበር አቋቋሙ። ከ2005 ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ሲታደል ወሬውም አብሮ ታደለ። በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ሰው ለሰው ተነጋገረ። ጠበልና መድኃኒት ተጣሉ ሲባልም በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መከሩ። ያ ሁሉ ንግግር የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ፈጣሪ ይወቀው።

ለድብርትና ለጭንቀት ግን እንዲህ ያለ ንግግር ገና አልጀመርንም። የቴሌቪዥን መድረክ ይምጣ አላልኩም፤ ማኅበሩም በጊዜው ይደርሳል። ለጊዜው ከየቤታችን ይጀመር። እኅቴ፣ ወንድሜ፣ የምትውጠው ክኒን ካለ ቢያንስ አንድ የምታምነው ሰው ይወቅልህ። ሲጀምርህ ምን እንደሆንክ፣ መቼ እንደተሻለህ፣ ወይም እንዳልተሻለህ ንገረው። ማቆም ካማረህ ከሐኪምህ ጋር ቀስ ብለህ ቀንስ እንጂ በአንድ ጊዜ አትወርውረው። ሞት ሞት ካለህ ደግሞ ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ለሰው ተናገር፣ ሐኪም ቤት ሂድ። የታመመ ያለን ሰዎች በበኩላችን «ጠንከር በል፣ ምን ጎድሎብህ ነው?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለጥቂት ጊዜ እናስቀምጠውና ሌላ እንጠይቅ። «ክኒኑ እንዴት አደረገህ?» እንበል፤ ከዚያም መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ።